ዲግሪ፣ ዲፕሎማ፣ 12ኛ ክፍል፦ የሥራ ዕድልን በትምህርት ደረጃ ከዓመት ዓመት ለመከታተል

በትምህርት ደረጃ የተከፋፈለ አንድ የሥራ አጥነት ሠንጠረዥ ይዞ «የዲግሪ ዋጋ ወደቀ» ወይም «ሙያ ይሻላል» ማለት ቀላል ነው። ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ አይመጣም። በ1991 ዓ.ም. «ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ» የተባለው ሰውና በ2013 በዚያው ስም የተመዘገበው ሰው አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም፤ ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠራ ተማሪ፣ ለወረዳ የሥራ ዕድል ፈጠራ ባለሙያ፣ ተማሪዎችን ለሚያማክር መምህርና ልጁን ወዴት እንደሚልክ ለሚያስብ ወላጅ የተዘጋጀ ነው። ኤክሴል ያለው ኮምፒውተርና ትዕግሥት ይበቃል። ዓመቶቹ፣ ካልተባለ በስተቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የትኛውን ሪፖርት ከየትኛው ጋር?

የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ አገር አቀፍ የሥራ ኃይል ጥናት ያካሄደው በ1991፣ በ1997፣ በ2005 እና በ2013 ነው፤ የመጨረሻው ፍልሰትንም አብሮ ያጠናል። ከዚህ ጎን የከተሞችን ሥራና ሥራ አጥነት ብቻ የሚመለከት ሌላ ተከታታይ ጥናት አለ። በ1996 ተጀምሮ ከ2001 ወዲህ አንዳንዴ በየዓመቱ፣ አንዳንዴ በየሁለት ዓመቱ ወጥቷል።

ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ አይቀጥሏቸው። አገር አቀፉ የሥራ አጥነት ምጣኔ በ1991 8.1 በመቶ፣ በ1997 5.4፣ በ2005 4.5፣ በ2013 ደግሞ 8.0 ነበር። የከተማው ጥናት በ2001 20.4፣ በ2010 19.1፣ በ2012 18.7 ያሳያል። የ2005ን አገር አቀፍ ቁጥር ከ2010 የከተማ ቁጥር አጠገብ ያስቀመጠ ሰው ሥራ አጥነት በአምስት ዓመት ውስጥ አራት እጥፍ አደገ ብሎ ይደመድማል፤ እንዲህ ያለ ስላይድ በየስብሰባው ይታያል። ገጠሩ ሲገባ ቁጥሩ የሚወርደው አርሶ አደር ቤተሰብ ውስጥ ሥራ ፈቶ የሚቀመጥ ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። ጥያቄዎ ስለ አዲስ አበባ ከሆነ የከተማውን ተከታታይ መሠረት ያድርጉ፤ ከአገር አቀፎቹም የከተማውን ወይም የአዲስ አበባን ሠንጠረዥ ብቻ ይውሰዱ።

ሠንጠረዡን ከመንካትዎ በፊት የእያንዳንዱን ሪፖርት የትርጉም ምዕራፍ ከፍተው አራት ነገር ይመዝግቡ።

አንደኛው የዕድሜ ወለል ነው። የእኛ ጥናቶች ሰውን ከ10 ዓመት ጀምረው ይቆጥራሉ፤ ዓለም አቀፍ ንጽጽሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ይነሣሉ። «ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል» የሚለው ረድፍ በ12 ዓመት ተማሪዎች ከተሞላ በዚያ ረድፍ ያለው የሠራተኛ ድርሻ ዝቅ ይላል፤ ይህ ስለ ሥራ ገበያው ምንም አይነግርም። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው «ሠርቷል» ለመባል በማጣቀሻዎቹ ሰባት ቀናት (ከመጠየቁ በፊት ባሉት) ውስጥ ስንት ሰዓት መሥራት እንዳለበት ነው፤ አንድ ሰዓት ነው ወይስ አራት? ሦስተኛው፣ ሥራ አጥ ለመባል ሥራ መፈለግ ግዴታ ነው ወይስ ዝግጁ መሆን ብቻ ይበቃል? በአገራችን ሲሠራበት የቆየው ላላ ያለው ትርጉም ነው፤ ሥራ የሌለውና ቢያገኝ ለመሥራት ዝግጁ የሆነ ሰው ባይፈልግም ይቆጠራል። ይህ ልዩነት በተለይ ተስፋ ቆርጠው መፈለግ ያቆሙ፣ ብዙ ያልተማሩ ሴቶች በሚገኙበት ረድፍ ላይ ቁጥሩን ያንቀሳቅሰዋል።

አራተኛው ወሩ ነው። የ1991 እና የ1997 ጥናቶች መጋቢት ላይ፣ የ2005ቱ ሰኔ ላይ ተካሂደዋል። ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስመርቁት ሰኔና ሐምሌ አካባቢ ስለሆነ በዚያ ሰሞን የዲግሪ ረድፍ ገና ሥራ መፈለግ በጀመሩ ልጆች ይሞላል። መጋቢት ላይ ብዙዎቹ አንድ ነገር ይዘዋል ወይም ወደ ቤተሰብ ንግድ ገብተዋል።

በዚህ ላይ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2006 መጀመሪያ ጄኔቫ ላይ የሥራን ትርጉም መከለሱን አይርሱ። በአዲሱ ትርጉም ለገዛ ቤቱ ፍጆታ ብቻ የሚያመርት ሰው ሥራ እንደያዘ አይቆጠርም። በዚህ የሚነካው ገጠሩና ያልተማረው ረድፍ ነው፤ ለአዲስ አበባ ለውጡ ኢምንት ነው። ከተማውን ብቻ ነጥሎ መያዝ የሚሻልበት ሌላው ምክንያትም ይኸው ነው።

ደረጃዎቹን አንድ ማድረግ

አብዛኛው ጥናት የሚበላሸው እዚህ ነው። ጊዜ ይስጡት።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በፊት ሥርዓቱ 6-2-4 ነበር (ስድስት ዓመት አንደኛ፣ ሁለት መለስተኛ ሁለተኛ፣ አራት ሁለተኛ ደረጃ)፤ ሁሉም የሚያውቀው መውጫ በር 12ኛ ክፍልና ማትሪክ ነው። ከፖሊሲው በኋላ አንደኛ ደረጃ እስከ 8ኛ ሆነ፤ 9ኛና 10ኛ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ፣ 11ኛና 12ኛ መሰናዶ ተባሉ። ከ1993 ጀምሮ አገር አቀፍ ፈተናው 10ኛ ክፍል ላይ ስለነበር ያላለፈው ከዚያ ወጥቶ ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ ሥራ ፍለጋ ሄደ። በቅርቡ ደግሞ 6-2-4 ተመልሷል፣ የ10ኛ ክፍል ፈተናም ቀርቷል። ስለዚህ «ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀ» በ1985 የ12 ዓመት ትምህርት ሲሆን በ1998 የ10 ዓመት ነው። በመካከለኛው እርከን ስሙም ደጋግሞ ተቀያይሯል፦ 12+1 (ከ12ኛ በኋላ አንድ ዓመት ሥልጠና)፣ 12+2፣ ከዚያ 10+1፣ 10+2፣ 10+3፣ ከዚያ ደግሞ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5። የመጀመሪያ ዲግሪም ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ወርዶ ከ2012 ወዲህ ወደ አራት ተመልሷል።

የሚሠራው መሰላል ስድስት እርከን አለው። አንድ፣ መደበኛ ትምህርት ያላገኘ (የቄስ ትምህርትና መሠረተ ትምህርት እዚህ ይገባሉ)። ሁለት፣ ከ1ኛ እስከ 8ኛ። ሦስት፣ 9ኛና 10ኛ። አራት፣ 11ኛና 12ኛ፤ የድሮው 12ኛ ጨራሽ ከእነዚህ ጋር። አምስት፣ ሰርተፊኬት፣ ዲፕሎማና የቴክኒክና ሙያ ደረጃዎች በሙሉ። ስድስት፣ ዲግሪና ከዚያ በላይ። አምስተኛውን ከዚህ በላይ መበጣጠስ ያጓጓል፤ ነገር ግን የ10+1 ሰርተፊኬትና የዛሬው ደረጃ 2 ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ከሠንጠረዥ ላይ አይታወቅም። ካላወቁ አይለዩት።

ይህ መሰላል የተማሩበትን ዓመት ብዛት ይከተላል። ከእሱ ሌላ ሁለተኛ መሰላል ይሥሩ፦ ሰውየው በጊዜው ሥርዓት መውጫ በር ላይ ደርሷል ወይስ መንገድ ላይ አቋርጧል? በዚህኛው የ1985 ማትሪክ ተፈታኝና የ1998 የ10ኛ ክፍል ተፈታኝ አንድ ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ አሠሪ ፊት ሲቀርቡ የያዙት የአንድ ዓይነት በር ወረቀት ነውና። ሁለቱ መሰላሎች አንድ አቅጣጫ ካሳዩ ውጤትዎን ይመኑት። አንዱ ሲወጣ ሌላው ከወረደ ያገኙት ለውጥ የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ እንጂ የሥራ ገበያ ለውጥ አይደለም፤ ያንን ረድፍ ከመደምደሚያው ያውጡት።

ሦስቱ ምጣኔዎች

የሥራ አጥነት ምጣኔ ብቻውን ያታልላል። ለምሳሌ 200 ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ይኑሩ እንበል (ቁጥሩ ለልምምድ ነው)። 150 ይሠራሉ፣ 30 ሥራ አጥ ናቸው፣ 20 ከሥራ ኃይሉ ውጭ ናቸው (አይሠሩም፣ ሥራ አጥ ተብለውም አይቆጠሩም)። ሥራ አጥነት 30 ሲካፈል ለ180፣ ማለትም 16.7 በመቶ ነው። በሚቀጥለው ጥናት 150 ይሠራሉ፣ 10 ሥራ አጥ ናቸው፣ 40 ከሥራ ኃይሉ ውጭ ሆነዋል፤ ከፊሉ ማስተርስ ጀምሯል፣ ከፊሉ ደጅ መጥናቱ ሰልችቶት ትቶታል። ሥራ አጥነት 10 ለ160፣ 6.3 በመቶ ገደማ ሆነ። ሠንጠረዡ ላይ ትልቅ መሻሻል ይመስላል፤ የሚሠራው ሰው ግን 150 ነበር፣ አሁንም 150 ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ እርከንና ዓመት ሦስት ዓምድ ይክፈቱ፦ የሥራ ኃይል ተሳትፎ (የሚሠሩና ሥራ አጦች ተደምረው ለሕዝቡ)፣ ሥራ አጥነት (ሥራ አጦች ለሥራ ኃይሉ)፣ የሥራ ስምሪት ምጣኔ (የሚሠሩት ለሕዝቡ)። ከሦስቱ የመጨረሻው ነው የማይዋሸው። ሥራ አጥነት ወርዶ ስምሪት ካልወጣ «ተሻሻለ» የሚለውን ቃል አይጠቀሙ። ወንድና ሴትንም ሁልጊዜ ለይተው ይሥሩ፤ በከተሞቻችን የሴቶች ሥራ አጥነት ከወንዶቹ በእጥፍ ገደማ ስለሆነ ሲደባለቁ የሁለቱም መልክ ይጠፋል።

ድምሩ ሲወጣ ክፍሎቹ ሲወርዱ

ሌላ ልምምድ። በመጀመሪያው ዓመት ከ1,000 የሥራ ኃይል 800ዎቹ ዝቅተኛ ትምህርት አላቸው፣ ሥራ አጥነታቸው 10 በመቶ ነው፤ 200ዎቹ 12ኛ ክፍል ጨርሰዋል፣ ሥራ አጥነታቸው 30 በመቶ። በድምሩ 80 እና 60፣ 140 ሰው፣ 14 በመቶ። ከዓመታት በኋላ 500 እና 500 ሆኑ፤ ምጣኔዎቹ ወደ 9 እና 28 ወረዱ። በድምሩ 45 እና 140፣ 185 ሰው፣ 18.5 በመቶ። በሁለቱም እርከን ሁኔታው ተሻሽሎ ሳለ የከተማው ቁጥር ከፋ። የተለወጠው ሰዎቹ የቆሙበት ረድፍ ነው።

ይህ ተራ የሒሳብ ጨዋታ አይደለም። በሁለት ዩኒቨርሲቲ ብቻ የኖረች አገር ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሏት፤ ትምህርት ቤቱም እንዲሁ ሰፍቷል። በደርግ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ በመንግሥት ተመድቦ ሥራ ይገባ ስለነበር የዲግሪ ረድፍ ባዶ እጁን የሚቀመጥ ሰው አልነበረውም ማለት ይቻላል። ምደባው ከቀረ በኋላ ጫናው መጀመሪያ የወደቀው 12ኛ በጨረሱት ላይ ነበር፤ ተምረናል ብለው የቢሮ ሥራ የሚጠብቁ፣ ቤተሰብም እስከዚያው የሚይዛቸው ልጆች። ያልተማረው ግን መጠበቅ አይችልም፤ ተሸክሞም ጠርቦም ይውላል። በከተሞቻችን ሥራ አጥነት መሀል እርከን ላይ ጎብጦ ሁለቱ ጫፎች ላይ ዝቅ የሚለው በዚህ ነው።

ድምሩን ለማስተካከል የመጀመሪያውን ዓመት ድርሻ ይዘው የኋለኛውን ምጣኔ ያባዙ፦ 0.8 ጊዜ 9፣ ሲደመር 0.2 ጊዜ 28፣ 12.8 በመቶ። ከ14 ወደ 12.8 ወርዷል ማለት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች፣ 18.5ንም 12.8ንም፣ ጎን ለጎን ይጻፉ፤ አንዱን ብቻ ማሳየት አንባቢን ማሳሳት ነው።

ዕድሜ

ያልተማረው ረድፍ ያረጀ ነው፤ የዲግሪው ረድፍ ወጣት ነው። ስለዚህ ሁሉንም ዕድሜ አንድ ላይ ሲያወዳድሩ በከፊል የሚያወዳድሩት የ50 ዓመት ሰውን ከ24 ዓመት ሰው ጋር ነው። ቀላሉ መፍትሔ ከ25 እስከ 34 ያሉትን ብቻ በየእርከኑ መከተል ነው። የተሻለው አንድን ትውልድ መከተል ነው፦ በ1997 ከ20 እስከ 24 የነበሩት በ2005 ከ28 እስከ 32፣ በ2013 ከ36 እስከ 40 ይሆናሉ። በጥናቶቹ መካከል ያለው ስምንት ዓመት ስለሆነ የታተመው የአምስት ዓመት የዕድሜ ክፍፍል አይገጥምም። ለዚህ ጥሬ መረጃውን ከስታቲስቲክስ አገልግሎት መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥሬውን ሲያገኙ የናሙና ማባዣ ዓምዱን (እያንዳንዱ ተጠያቂ ስንት ሰው እንደሚወክል የሚያሳየውን) መጠቀምዎን ያረጋግጡ፤ ሳያባዙ ራስ ቆጥሮ ማካፈል ትንንሽ ከተሞችን ከአዲስ አበባ እኩል ያደርጋል።

ረድፉ በሳሳ ቁጥርም አይዳኙ። አንድ እርከን ውስጥ 150 ሰው ብቻ ተጠይቆ 20 በመቶው ሥራ አጥ ከሆነ መደበኛ ስህተቱ (ናሙና በመውሰድ ብቻ የሚመጣው የመዋዠቅ መጠን) 3.3 ነጥብ ያህል ነው፤ ናሙናው በየቆጠራ ቦታው ተሰባስቦ ስለሚወሰድ ደግሞ ወደ 4.6 ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከ11 እስከ 29 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል። ከ20 ወደ 25 መሄዱ ዜና አይደለም።

ሥራ ይዟል፤ ምን ዓይነት?

ዲግሪ ይዞ የኮብልስቶን ድንጋይ የሚጠርብ ሰው በጥናቱ ሥራ ያለው ነው። ልክ ነው፤ ይሠራል፣ ሥራም ክብር አለው። የትምህርቱ ጥቅም ግን ሌላ ጥያቄ ነው፣ ሌላ ዓምድም ይፈልጋል። ጥናቶቹ ሙያን በዓለም አቀፉ ምደባ ከ1 እስከ 9 ይከፍላሉ፤ 1 ኃላፊዎች፣ 2 ባለሙያዎች፣ 3 ቴክኒሻኖችና ረዳት ባለሙያዎች ናቸው፣ 9 ልዩ ችሎታ የማይጠይቁ ሥራዎች። ከስድስተኛው እርከን ሠራተኞች ውስጥ ከ4 እስከ 9 የወደቁት ስንት በመቶ እንደሆኑ በየዓመቱ ያስሉ። የዲግሪን ዋጋ ከሥራ አጥነት ምጣኔው ይልቅ የሚናገረው ይህ ቁጥር ነው። የኢመደበኛ ሥራ ድርሻንም እንዲሁ። ምደባው ራሱ ተሻሽሎ ስለወጣ በአንድ አኃዝ ደረጃ ብቻ ይሥሩ፤ በሦስትና በአራት አኃዝ ሲወርዱ ኮዶቹ አይገጥሙም።

ሁለተኛው ምንጭ፦ የሥራ ማስታወቂያ

ጥናቱ የሚያሳየው የሠራተኛውን ወገን ነው። አሠሪው የሚጠይቀውን ለማየት የድሮ ጋዜጣ ይቁጠሩ። አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ ይታተማል፤ ሪፖርተር በረቡዕና በእሑድ እትሙ የሥራ ማስታወቂያ ያወጣል። የቆዩ እትሞችን ለማየት ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ የድሮው ወመዘክር፣ መሀል ከተማ ውስጥ ነው፤ ስድስት ኪሎም የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አለ። ሲሄዱ መታወቂያና፣ ተማሪ ከሆኑ፣ የትብብር ደብዳቤ ይያዙ።

ለእያንዳንዱ የተመረጠ ዓመት ከጥቅምት፣ ከጥር፣ ከሚያዝያና ከሐምሌ አንድ አንድ ሳምንት ይውሰዱ፤ በሁሉም ዓመት ያው ሳምንት፣ ያው ጋዜጣ ይሁን። ዓምዶቹ፦ ቀን፣ የሥራ መደብ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የትምህርት ዓይነት፣ የሥራ ልምድ፣ ብዛት፣ የሥራ ቦታ። ደመወዝ ብዙ ጊዜ «በስምምነት» ወይም «በድርጅቱ ስኬል» ስለሚል አያድክምዎ። ማስታወቂያውን ሳይሆን «ብዛት» የሚለውን ይደምሩ፤ አንድ ማስታወቂያ 40 ጥበቃ ሊፈልግ ይችላል። «በድጋሚ የወጣ» የሚለውን ይዝለሉ። «ዲግሪ 0 ዓመት ወይም ዲፕሎማ 4 ዓመት» ሲል ዝቅተኛውን ደረጃ ይመዝግቡና በሌላ ዓምድ ምልክት ያድርጉ። «0 ዓመት» የሚሉትን ለብቻ ይቁጠሩ፤ አዲስ ምሩቅ የሚያገኘው ያንን በር ብቻ ነው።

ማስታወቂያው ወደ ድረ ገጽና ወደ ቴሌግራም ቻናል ስለፈለሰ የጋዜጣው ጠቅላላ ብዛት መውረዱ ሥራ ቀነሰ ማለት አይደለም። ብዛቱን ትተው ድርሻውን ይመልከቱ፦ ከወጡት መደቦች ስንት በመቶው ዲግሪ ጠየቁ?

ከሁሉም የሚያስተምረው አንድን መደብ ይዞ መከተል ነው። ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሹፌር፣ ጥበቃና የአንደኛ ደረጃ መምህር ይምረጡ። መምህር በ12+1 ሰርተፊኬት ይቀጠር ከነበረበት ወደ ዲፕሎማ፣ ከዚያም ወደ ዲግሪ ሲያድግ በማስታወቂያው ውስጥ ይታያል። ሥራው ያው ሆኖ የሚጠየቀው ወረቀት ከፍ ካለ 12ኛ የጨረሰው ሥራ ያጣው ሥራው ስለጠፋ አይደለም፤ ሌላው ከላይ መጥቶ ስለያዘበት ነው። ለወላጅም ለወረዳም ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ መፍትሔው ይለያያልና።

የውጭ ግራፍ ሲያጋጥም

የአሜሪካ ግራፍ ትምህርት በጨመረ ቁጥር ሥራ አጥነት ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020፣ ኮሮና ሁሉን በዘጋበት ወር፣ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው መካከል ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱት 21.2 በመቶ፣ ዲግሪና ከዚያ በላይ ያላቸው 8.4 በመቶ ሥራ አጥ ነበሩ። እዚያ የሚቆጠረው ሥራ የሚፈልግ ወይም ለጊዜው ተሰናብቶ ወደ ሥራው መመለስን የሚጠብቅ ብቻ ነው፤ ከሥራ የተባረረ ደግሞ ለጊዜው የሚደገፍበት የሥራ አጥነት መድን አለ። እዚህ ያልተማረው ያንን ድጋፍ ስለማያገኝ ያገኘውን ይሠራል እንጂ ሥራ አጥ ሆኖ አይቆይም። ያንን ደረጃ እንዳለ ወስደው አዲስ አበባ ላይ አይጫኑት።

ከአሁን ወዲህ ለሚመጡት ጥናቶች መሰላሉ ላይ አንድ ረድፍ ይጨምሩ። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ለማግኘት የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ማስታወቂያዎችም ይህንኑ መጠየቅ ጀምረዋል። ዓመታቱን ጨርሶ ፈተናውን ያላለፈ ሰው ቆጣሪ ቤቱ ሲመጣ ምን ብሎ እንደሚመልስ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ራስዎ መጠይቅ የሚያዘጋጁ ከሆነ «ዲግሪ አለዎት?» ብቻ ብለው አይለፉ፣ «ትምህርቱን ጨርሰዋል?» እና «የመውጫ ፈተናውን አልፈዋል?» ብለው ለያይተው ይጠይቁ፣ ሁለተኛውን «አይ» ያለውን ለብቻ ይኮዱት። በተመሳሳይ በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ትውልድ በአራት ዓመት ፕሮግራም ወደ ገበያ የሚወጣው በ2019 አካባቢ ነው፤ ግራፍዎ ላይ እዚያ ቀጥ ያለ የነጥብ መስመር ያስምሩና ምክንያቱን ከሥሩ ይጻፉ።